መሪዋን ባሕር ላይ ያጣችው ካቲ ሳርክ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 1872 ካቲ ሳርክ የተባለችው የብሪታንያ ሻይ ጫኝ መርከብ መሪዋን አጣች። ከሻንጋይ ተነስታ ወደ ለንደን እየገሰገሰች ነበር። ቴርሞፒሌ ከምትባል ተቀናቃኟ ጋር እልህ ተጋብታለች፤ ወደ 400 የባሕር ማይል ያህልም ቀድማታለች። ከደቡብ አፍሪካ ጠረፍ ባሻገር ኃይለኛ ወጀብ ያዛት። በወጀቡ መሐል መሪዋ ተገንጥሎ ሄደ። ሞተር የላትም። እርዳታ መጥራት አይታሰብም፤ ሬዲዮ ገና አልተፈለሰፈም። ከ64 ቀናት በኋላ ግን በራሷ ሸራ ለንደን ገባች።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ጀብዱ ነው። ጀብዱነቱ አይካድም። እኔን የሚስበኝ ግን ሥራው ነው። ምን ተሰበረ? በምን ተተካ? የተተካውስ ለምን ዳግም ተሰበረ? ዛሬ በ12 ሜትር የፋይበርግላስ ጀልባ ውቅያኖስ የሚያቋርጥ ሰው መሪው ሲሰበር የሚገጥመው ጥያቄ በመሠረቱ ያው ነው። የሚለየው የእንጨቱ ውፍረት ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። መሪ የምለው ከመርከቧ ኋላ፣ ከውኃው ውስጥ ያለውን ሰሌዳ ነው። ባሕርተኛው ቆሞ የሚያዞረውን መዘውር እለዋለሁ።

ስለ መርከቧ ጥቂት። ካቲ ሳርክ ስኮትላንድ ውስጥ፣ ደምባርተን ላይ ተሠርታ ኖቬምበር 22 ቀን 1869 ውኃ ላይ ወረደች። ርዝመቷ 65 ሜትር ገደማ ነው። ሦስት ምሰሶ አላት። ሸራዋ በሙሉ ሲዘረጋ ወደ 3,000 ካሬ ሜትር ይጠጋል። አጽሟ ብረት፣ ልባሷ እንጨት ነው። ባለቤቷ ጆን ዊሊስ የሚባል የለንደን የመርከብ ነጋዴ ነበር። ካፒቴኗ ጆርጅ ሙዲ ስኮትላንዳዊ ነው፤ መርከቧ ስትሠራም ቆሞ ያሠራት እሱ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ። የትኛው እንጨት የት እንዳለ፣ የትኛው ብረት ምን እንደሚሸከም የሚያውቅ ሰው ነው መሪው ሲሄድ ኃላፊ የነበረው።

የሚገርመው፣ መርከቧ ውኃ ላይ ከመውረዷ ከአምስት ቀን በፊት የሱዌዝ ካናል ተከፍቷል። በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች የአፍሪካን ዙሪያ ጥምጥም ትተው በአቋራጩ ገቡ። የሸራ መርከቦች ግን እንደ ድሮው አፍሪካን መዞር ነበረባቸው። ስለዚህ ይቺ ፈጣን መርከብ ገና ስትወለድ ገበያዋ እየተወሰደባት ነበር። የቀራት ዝናና ፍጥነት ነው። ጁን 18 ቀን 1872 ከቴርሞፒሌ ጋር አንድ ቀን ከሻንጋይ ስትነሳ እያንዳንዱ ቀን ዋጋ እንደነበረው የሚገባን ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ተሰበረው ነገር። በዚያ ዘመን መርከብ ላይ መሪው ከኋለኛው ቋሚ እንጨት ላይ ይንጠለጠላል። ልክ በር በማጠፊያ ከመቃኑ ላይ እንደሚያያዝ ነው። በአንዱ ወገን የብረት ቀለበቶች፣ በሌላው ወገን ወደ ቀለበቶቹ የሚገቡ የብረት ጣቶች አሉ። ከላይ የመሪው ራስ ወደ መርከቧ ውስጥ ይገባና ከመዘውሩ ጋር ይገናኛል። ማዕበል ከኋላ ሲመጣ ሰሌዳውን እንደ ጥፊ ይመታዋል። ያ ሁሉ ምት የሚያርፈው በጥቂት ብረቶች ላይ ነው። አንዱ ሲለቅ የቀሩት የእሱን ሸክም ይደርባሉ። ሁለተኛው ሲለቅ ነገሩ አለቀ።

ቦታውም ክፉ ነው። በደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ የአጉልሃስ የባሕር ጅረት ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወርዳል። ከምዕራብ የሚመጣ ወጀብ ከዚህ ጅረት ጋር ፊት ለፊት ሲጋጠም ማዕበሉ ያጥርና ቀጥ ብሎ ይቆማል። መርከብ ለመስበር ከዚህ የተመቸ ውኃ ብዙ የለም። የሸራ መርከብ ደግሞ ወደ አትላንቲክ ለመግባት በዚያ ማለፍ ግድ ይላታል።

መሪ የሌላት የሸራ መርከብ ምን ታደርጋለች? ብዙ ሰው ዝም ብላ የምትንሳፈፍ ይመስለዋል። አይደለም። ነፋሱና ማዕበሉ ራሳቸው ያዞሯታል። ብዙውን ጊዜ ጎኗን ለማዕበሉ ሰጥታ ትቀመጣለች። ይህ ደግሞ ከሁሉ የከፋው አቀማመጥ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ትንከባለላለች። ምሰሶዎቹ ይወዛወዛሉ፤ የሚይዟቸው ገመዶች አንዴ ይላላሉ፣ አንዴ ይወጠራሉ። መሪው ሄዶ ምሰሶው ከተከተለ ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ አዲስ መሪ መሥራት አይደለም። የመጀመሪያው ሥራ መርከቧን ማረጋጋት ነው። ሸራ ይቀነሳል፤ የቀረው ትንሽ ሸራ ደግሞ አፍንጫዋን ወደ ማዕበሉ አስጠግቶ እንዲይዝ ይደረጋል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከፊት ያሉት ሸራዎች አፍንጫዋን ከነፋሱ ያርቃሉ፤ ከኋላ ያሉት አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ያዞራሉ። የሁለቱን ሚዛን የሚያውቅ ሰው ያለ መሪም መርከቧን በተወሰነ መንገድ ማስቀመጥ ይችላል። ጥሩ ባሕርተኛ መሪው ደህና በሆነበት ቀን እንኳ በመዘውሩ የሚያደርገው ጥቂት ነው። ዋናውን ሥራ የሸራው ሚዛን ይሠራለታል። መሪው የሚያስተካክለው የቀረችውን ትንሽ ስህተት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይህ ነው ብል አልተጋነነም። ካቲ ሳርክን ለንደን ያደረሳት እንጨቱ ብቻ አይደለም። እንጨቱ ሊሸከመው የሚችለው ትንሽ ሥራ ብቻ እንዲቀርለት ያደረገው የሸራው አያያዝ ነው።

በትንሽ ጀልባ ላይ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት አንድ ነገር አለ። ወደ ውስጥ ገብቶ ውኃ እየገባ እንደሆነ ማየት። የዘመኑ ጀልባ መሪ የሚዞረው የጀልባዋን ሆድ ሰንጥቆ በሚያልፍ ዘንግ ላይ ነው። ዘንጉ ሲሰበር ወይም ሲጣመም ያለፈበትን ቧንቧ አብሮ ሊሰነጥቀው ይችላል። መሪው ጠፋ ብሎ ላይ ላዩን ሲሯሯጡ ታች ጀልባዋ እየሞላች ሊሆን ይችላል። መሪ ያጣች ጀልባ የምትሰምጠው ብዙ ጊዜ በዚህ በኩል ነው።

ቀጥሎ ምን እንደተሰበረ መለየት ያስፈልጋል። መዘውሩ ያለ ምንም ክብደት እንደ ልብ የሚሽከረከር ከሆነ የተበጠሰው መዘውሩን ከመሪው ጋር የሚያገናኘው የብረት ገመድ ሊሆን ይችላል። ያ እንደ ዕድል የሚቆጠር ነው፤ መሪው ራሱ አለ። የአደጋ ጊዜ እጀታ ዘንጉ ራስ ላይ ይሰካና በእጅ ይነዳል። እጀታው ተሰክቶ እየዞረ ጀልባዋ ካልታዘዘች ግን ዘንጉ ተቆርጧል ወይም ሰሌዳው ከዘንጉ ተላቋል ማለት ነው። የዘመኑ ሰሌዳ ከውስጡ የብረት ክንዶች አሉት፤ ክንዶቹ ከዘንጉ ጋር በብየዳ የተያያዙ ናቸው። ውኃ ሰርጎ ከገባ ስቴንለስ ስቲል የተባለውም ቢሆን በጨለማ ይበላል። ከውጭ ሲያዩት ሰሌዳው ምንም አልሆነም። ውስጡን ማን ያያል?

ሦስተኛው ዓይነት ከሁሉም ይብሳል። መሪው አለ፣ ግን ተጣሞ አንድ ወገን ላይ ተነክሷል። መሪ የሌላት ጀልባ ቢያንስ ትለመናለች። የተነከሰባት ግን ክብ እየሠራች ትዞራለች። ይህ በትልቅ ብረትም ሲሆን ታይቷል። ሜይ 26 ቀን 1941 ቢስማርክ የተባለችው የጀርመን የጦር መርከብ በቶርፔዶ ተመትታ መሪዎቿ ወደ ግራ 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ተቆለፉ። ሦስት ፕሮፔለር ነበራት። በፕሮፔለሮቿ አቅጣጫዋን ለማስተካከል ተሞከረ፤ አልተሳካም። በማግስቱ ሰመጠች።

ካቲ ሳርክ ላይ የሆነው ንጹሕ ስብራት ነው። መሪው ጭራሽ የለም። እዚህ ላይ ነው ጭቅጭቁ የተነሳው።

የባለቤቱ የጆን ዊሊስ ወንድም ሮበርት ዊሊስ በመርከቧ ላይ ተሳፍሮ ነበር። የደቡብ አፍሪካ ወደብ ቅርብ ነው፤ ገብተን እናሠራ አለ። ሙዲ እምቢ አለ። ሮበርት ተቆጣ። የገንዘቡ ወገን እሱ ነው። ሙዲ ግን ካፒቴኑ ነኝ፣ ባሕር ላይ ትእዛዝ የኔ ነው በሚል አቋሙ ጸና። መሪውን እዚሁ እንሠራለን አለ።

እውነት ለመናገር የሮበርት ሐሳብ የሞኝ ሐሳብ አልነበረም። ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶ አንድ ሰው ምክር ቢጠይቀኝ ቅርብ ወደብ ካለ ግባ ነው የምለው። ሙዲን የሚደግፍ ሌላ ነገር ግን አለ። ወደ ወደብ ለመግባትም መሪ ያስፈልጋል። መሪ የሌላት 65 ሜትር መርከብ በወጀብ ወደ ድንጋያማ ጠረፍ ስትጠጋ ከሰፊው ባሕር ይልቅ አደጋው ይበዛል። መሬት ሲቀርብ ስህተት ለማረም ቦታ አይኖርም። ስለዚህ ወደብ ተባለም ለንደን ተባለ፣ መጀመሪያ የሆነ መሪ መሥራት ግዴታ ነው። አንዴ የሚሠራ መሪ ካገኘህ ደግሞ ጥያቄው ይቀየራል። ይህን መሪ ይዤ የት ድረስ ልሂድ ይሆናል። ሁለቱ ሰዎች የተጣሉት በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው። የመጀመሪያው ለማንም ምርጫ አልነበረም።

ሥራው የወደቀው በአናጢው በሄንሪ ሄንደርሰን ላይ ነው። ቁሳቁሱ በመርከቧ ላይ ያለው ብቻ ነው፤ መጠባበቂያ እንጨትና ብረት። የሸራ መርከብ በመንገድ ላይ የሚሰበርን የሸራ ተሸካሚ ለመተካት ወፍራም ግንድ ይዛ ትጓዛለች። ሄንደርሰን ያንን አስተኝቶ ቆረጠው፣ ጠረበው። ቁርጥራጩን ጎን ለጎን ገጥሞ በብሎን አሰረው። መሪ ብቻ አይደለም ያስፈለገው። መሪው የሚንጠለጠልበት ሌላ ቋሚ እንጨትም አብሮ መሠራት ነበረበት። ከባሕር ወለል በታች፣ በተናወጠ ውኃ ውስጥ፣ መርከቧ ላይ አዲስ ማጠፊያ መቸንከር የሚችል ሰው የለምና።

አናጢነቱ ከባድ ቢሆንም የእንጨት ሥራ ነው፤ ይገፋል። ያስቸገረው ብረቱ ነው። ቀለበትና ብሎን መቀጥቀጥ አለበት። ለዚያ እሳት ያስፈልጋል። እሳቱ በሚንከባለል መርከብ ወለል ላይ ተነደደ። ወናፉን ይነፋ የነበረው የካፒቴኑ ልጅ ነው። ማዕበል ወለሉን ያጥበዋል፤ ሰዎቹ ከነመሣሪያቸው ከወዲያ ወዲህ ይላጋሉ። አንድ ጊዜ መርከቧ ስትንጋደድ ምድጃው ተገለበጠ። ፍሙ ተበተነ። ልጁ ተቃጠለ።

ልብ በሉ፣ ይህ የእንጨት ወለል ያለው፣ ሻይ የጫነ፣ በሬንጅ የተለቀለቀ ገመድ የተሞላ መርከብ ነው። በላዩ ፍም እየነደደ ነው። ፍሙን ለቅመው እሳቱን መልሰው አያያዙ። ብረቱ ካልጋለ ቀለበት የለም፤ ቀለበት ከሌለ መሪ የለም።

ሥራው ስድስት ቀን ፈጀ።

ከዚያ መሪውን መስቀል መጣ። ይህን ክፍል ብዙ ተራኪዎች በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል፤ እኔ ግን የሥራው አንገት እዚህ ነው እላለሁ። እንጨት ይንሳፈፋል። በቶን የሚመዘን የእንጨት ቁልል ወደ ውኃው ሲወርድ መቆም አይፈልግም፤ መተኛት ነው የሚፈልገው። እንዲቆም ከታች ክብደት ይፈልጋል። ከኋላዋ ስትወጣና ስትወርድ የመርከቧ ጅራት እንደ መዶሻ ነው። በየማዕበሉ ብዙ ሜትር ከፍ ብላ ትወድቃለች። በዚህ መሐል እንጨቱን ከሥሯ አስገብቶ ከመርከቧ ጋር ማጣበቅ ያስፈልጋል። መሣሪያው ሰንሰለት ነው። ከታችኛው ጫፍ የሚነሱ ሰንሰለቶች ከመርከቧ ሆድ ሥር በግራና በቀኝ ወደ ፊት ይሄዳሉ፣ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ይወጠራሉ። ሰንሰለቶቹ ሲወጠሩ ቋሚው እንጨት ከመርከቧ ጋር ይጣበቃል። መሪው ደግሞ ከቋሚው ጋር በቀለበቶቹ ተያይዟል። እንዲህ ያለው መሪ ከድሮው ራስ ጋር ስለማይገናኝ ከኋለኛው ጠርዙ በሚነሱ ሁለት ሰንሰለቶች ግራና ቀኝ ተስቦ ነው የሚዞረው።

ይህን ያህል ሰንሰለት በውኃ ውስጥ ሲጎተት ፍጥነት ይበላል። ማንም ግን በዚያ ሰዓት ስለ እሱ ግድ የሚሰጠው አይመስለኝም።

መሪው ሠራ። ካቲ ሳርክ አፍንጫዋን ወደ አትላንቲክ አዞረች።

ነገር ግን ከዚያ በኋላ ያው ድሮ የነበረችው መርከብ አይደለችም። ለምን? ውኃ በመሪ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግም። በካሬ ነው የሚያድገው። በሰዓት 5 የባሕር ማይል የምትሄድ መርከብ ፍጥነቷን ወደ 10 ብታሳድግ በመሪው ላይ ያለው ጫና አራት እጥፍ ይሆናል። ወደ 15 ብታደርሰው ዘጠኝ እጥፍ። ካቲ ሳርክ በደህና ቀኗ ከ17 የባሕር ማይል በላይ በሰዓት የምትከንፍ ናት። በተጠጋገነ መሪ ያንን ማሰብ አይቻልም። ጥሩ ነፋስ እያለ ሸራ አጥፎ ቀስ ብሎ መሄድ ነው። ለእሽቅድምድም የወጣ ሰው ይህን ሲያደርግ ምን ያህል እንደሚቆጨው መገመት አያዳግትም። ሙዲ ሻል ያለው ካፒቴን የሆነው መሪውን በማሠራቱ ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ፍጥነቱን በመሪው ልክ በመቁረጡ ጭምር ነው።

ይህም ሆኖ መሪው ዳግም ተሰበረ። ከሳምንታት በኋላ ማያያዣዎቹ እጅ ሰጡ። እንጨቱ ደህና ነው፤ የለቀቁት ብረቶቹ ናቸው። መሪው ወደ ላይ ወጣ፣ ታደሰ፣ ያ ሁሉ የመስቀል ጣጣ እንደገና ተደገመ።

ይህቺ ሁለተኛዋ ስብራት ከመጀመሪያዋ የበለጠ ታስተምራለች ባይ ነኝ። መሪ ሲባል ሁሉም የሚያስበው ሰሌዳውን ነው። ምን ያህል ሰፊ ይሁን፣ ከምን ይሠራ ይባላል። የሚሰበረው ግን ሰሌዳው ከመርከቧ ጋር የሚገናኝበት ነጥብ ነው። መሪው ያለማቋረጥ ይወዛወዛል፤ እያንዳንዷ ውዝዋዜ ቀለበቱን ትፈጭበታለች። ትንሽ ክፍተት ስትፈጠር መፈጨቱ ወደ መመታት ይለወጣል። ከመፈጨት ይልቅ ምት ብረት ይሰብራል። ዛሬም በጀልባ ላይ መሪን በእጅ ይዘው ግራና ቀኝ ሲነቀንቁት ኩሽኔታው ውስጥ ቋ ቋ የሚል ድምፅ ካለ ያ የመጀመሪያው ምልክት ነው።

ካቲ ሳርክ ኦክቶበር 18 ቀን 1872 ለንደን ገባች። ጉዞው 122 ቀን ፈጀ። ቴርሞፒሌ ኦክቶበር 11፣ ማለትም ከሳምንት በፊት ገብታ ነበር። ሒሳቡን ስሩት። ስድስት ቀን መሪ ስትሠራ ቆማለች። በዚያ ላይ ሁለተኛው ጥገና አለ፣ በዚያ ላይ የአትላንቲክን ርዝመት በተቆጠበ ፍጥነት ተጉዛለች። የተሸነፈችው ግን በሰባት ቀን ብቻ ነው። በወቅቱ የነበሩ ባሕርተኞች ከአሸናፊዋ ይልቅ ስለ ተሸናፊዋ ማውራታቸው ለዚህ ነው።

ሄንደርሰን ለሥራው 50 ፓውንድ ተሸለመ። ለአንድ የመርከብ አናጢ በዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነው። ሙዲ ግን ከዚያ ጉዞ በኋላ ካቲ ሳርክን ለቀቀ። ወደ እንፋሎት መርከቦች ሄደ። ከባለቤቱ ወንድም ጋር ወራት ሙሉ ተኮራርፎ በአንድ መርከብ መኖር ምን እንደሚመስል ሳስበው አልፈርድበትም።

ዛሬ ይህ ጉዳይ በትንሽ ጀልባ ላይ ቢገጥም ምን ይለያል? ሰንሰለትና ፍም የለንም። መጠባበቂያ ግንድም አንጭንም። በጀልባ መማሪያዎች ውስጥ ለዘመናት የሚደገመው ምክር ረጅም የሸራ ዘንግ ወስደህ ጫፉ ላይ የጓዳ በር ወይም ኮምፖንሳቶ እሰር፣ ከኋላ እንደ መቅዘፊያ ተጠቀምበት የሚል ነው። ሥዕሉ ያምራል። በማዕበል ላይ ግን ሰሌዳው መንሳፈፍ ይፈልጋል፣ ዘንጉ ይጠማዘዛል፣ ያሰሩት ገመድ ይላላል። ሙዲና ሄንደርሰን ስድስት ቀን የታገሉትን ችግር በአንድ ከሰዓት በገመድ እንፈታዋለን ማለት ነው። ለረጋ ባሕር ይሆናል። ከዚያ በላይ ሲሆን ብዙ ተስፋ አልጥልበትም።

የተሻለው መንገድ መቅዘፉን ትቶ መጎተት ነው። ውኃ የሚይዝ ጠንካራ የሸራ ከረጢት ከኋላ ይለቀቃል። ከእሱ ሁለት ገመድ ይመጣል፤ አንዱ በግራ ጎን፣ ሌላው በቀኝ ጎን። የቀኙን ስትስብ ከረጢቱ ወደ ቀኝ ይመጣል፣ የጀልባዋን ቀኝ ጎን ወደ ኋላ ይይዛል፤ አፍንጫዋም ወደ ቀኝ ትዞራለች። ገመዶቹ ከጅራቷ ይልቅ ወደ ጀልባዋ መሐል ጠጋ ብለው ሲታሰሩ ጀልባዋ ይበልጥ ትታዘዛለች። ጅራቷ ላይ ከታሰሩ ከረጢቱ ጅራቷን ቸንክሮ ስለሚይዛት መዞር ያስቸግራታል። ፍጥነት ይቀንሳል፤ ይቀንስ። ለተጎዳ ጀልባ ቀስታ ጥቅም ነው። የማይሰበር ማጠፊያ ደግሞ የሌለ ማጠፊያ ነው፤ እዚህ ማጠፊያ የለም።

መጠባበቂያ መሪ ይዞ የሚሄድም አለ። ፒፕ ሄር የተባለችው እንግሊዛዊት ብቻዋን ሆና ዓለምን በምትዞርበት የቫንዴ ግሎብ ውድድር፣ በጃንዋሪ 2021 ከኬፕ ሆርን በስተምዕራብ ባለው ደቡባዊ ውቅያኖስ ላይ ሳለች ከሁለቱ መሪዎቿ የአንዱ ዘንግ ተሰንጥቆ አገኘችው። መለዋወጫ ነበራት። የተሰነጠቀውን አውጥታ አዲሱን ባሕር ላይ ራሷ ገጠመች፤ ጉዞዋንም በ19ኛ ደረጃ፣ በ95 ቀን ጨረሰች። ልዩነቱ እዚህ ላይ ይታያል። እሷ ሥራውን ወደብ ላይ ሳለች ቀድማ ተለማምዳዋለች።

ከ2020 ወዲህ ደግሞ ነገሩ የውቅያኖስ ተሻጋሪዎች ብቻ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። በስፔንና በፖርቱጋል ጠረፍ፣ በጂብራልታር መተላለፊያ አካባቢ ኦርካ የተባሉት ትላልቅ የባሕር እንስሳት የሸራ ጀልባዎችን መሪ እየለዩ ይመቱ ጀምረዋል። ብዙ መሪ ተሰብሯል፤ የሰመጡ ጀልባዎችም አሉ። እንስሳቱ ለምን መሪው ላይ እንደሚያተኩሩ ሳይንቲስቶች ዛሬም ይከራከራሉ። ጀልባው ላይ ላለ ሰው ምክንያቱ ብዙም አይጠቅመውም።

የዓለም የሸራ ጀልባ ስፖርት የበላይ አካል ወርልድ ሴሊንግ ለውቅያኖስ ውድድሮች ባወጣው ደንብ ላይ ስለዚህ የተጻፈ አንቀጽ አለ። ዘንጉ ላይ የሚገጠም የአደጋ ጊዜ እጀታ ይኑር ይላል። ከዚያ ባሕርተኞቹ መሪው ቢጠፋ ጀልባዋን የሚነዱበትን ሌላ መንገድ ይወቁ፣ ቢያንስ አንዱ መንገድም በዚያችው ጀልባ ላይ ተሞክሮ የሠራ ይሁን ይላል። ቁም ነገሩ ያለው በመጨረሻዋ ሐረግ ነው። በሌላ ሰው ጀልባ የሠራ ነገር አይቆጠርም።

ሙከራው ከባድ አይደለም። መጠነኛ ነፋስ ባለበት ቀን፣ ሰፊ ውኃ ላይ መሪው መሐል ላይ ይቆለፋል። መጀመሪያ በሸራ ሚዛን ብቻ ምን ያህል ቀጥ ብላ እንደምትሄድ ይታያል። ከዚያ ከረጢቱ ይለቀቃል፣ ገመዶቹ ይሞከራሉ፣ የት ሲታሰሩ እንደምትታዘዝ ምልክት ይደረጋል። ነፋስ ከኋላ ሲሆንም ይሞከር፤ አብዛኛው ጀልባ የሚያስቸግረው ያኔ ነው። በመጨረሻ ፍጥነቷ ቀስ በቀስ ይጨመራል። የሆነ ቁጥር ላይ ስትደርስ ገመዱን ብትስቡም አልሰማ ትላለች። ያ ቁጥር መዘውሩ አጠገብ ይጻፍ። መሪው በጠፋ ቀን ሸራ የሚታጠፈው እሱ ላይ ከመድረሷ በፊት ነው።